ብረትና ሸክላ አይጣበቁምን?

ናቡከደነፆር በሕልሙ ያየው ምስል ራሱ ወርቅ ነው፤ ደረቱና ክንዱ ብር፣ ሆዱና ጭኑ ናስ፣ ቅልጥሙ ብረት። እግሩ ላይ ሲደርስ ግን እኩሌታው ብረት፣ እኩሌታው ሸክላ ይሆናል። ዳንኤል ሕልሙን ሲፈታ፣ ብረት ከሸክላ ጋር እንደማይዋሃድ ሁሉ በእግሩ የተመሰሉት ሰዎችም በጋብቻ ቢቀላቀሉ እንኳ እርስ በርስ እንደማይጣበቁ ለንጉሡ ነገረው። ይህን ታሪክ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ሰምቼዋለሁ። እዚህ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አል-ኹባ ደግሞ አብሮኝ የሚኖር የአገሬ ልጅ ማታ ማታ በስልኩ ከሚከፍተው ስብከት ደጋግሜ ሰማሁት። ሰባኪው ምዕራፍ 2 ቁጥር 43ን እያነሳ፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር መጣላት ነው ይላል። ማስረጃው ያው ብረትና ሸክላው ነው። አይጣበቁም፤ ስለዚህ አታጋቧቸው፤ የተጋቡም ካሉ መፍረሳቸው አይቀርም።

እኔ የሙስሊም አባትና የክርስቲያን እናት ልጅ ነኝ። የምተዳደርበት ሙያ ኤሌክትሪክ ነው፤ በተለይ እጄ የተፍታታበት ሥራ ብረትን ከሸክላ ማገናኘት ነው። ሰባኪው ምሳሌውን ከሙያዬ ወስዶ በቤቴ ላይ ሲፈርድበት ዝም ማለት አልሆነልኝም። የነቢይ ቃል ስለሆነም በቀላሉ አላልፈውም፤ እናቴ ያከበረችውን መጽሐፍ እኔም አከብረዋለሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ተፈጥሯቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው አንድ መሆን ይችላሉ ወይ? ከቻሉስ ዳንኤል ምን ማለቱ ነው?

የተወለድኩት ወሎ፣ ሐይቅ ነው። ሙያውን የለመድኩት ግን ኮምቦልቻ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚሠራ ሰው ዘንድ ነው። ምጣድ በየቤቱ ስላለ ማንም ልብ አይለውም እንጂ ገልብጦ ላየው ብዙ የታሰበበት ነገር ነው። ሸክላው ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ከሥሩ በኩል ከመሐል ተነስቶ እየዞረ ወደ ጠርዙ የሚወጣ ቦይ ይቀረጽበታል። በቦዩ ውስጥ የሚተኛው ሽቦ ኒክሮም ይባላል፤ 80 በመቶው ኒኬል፣ 20 በመቶው ክሮሚየም የሆነ ቅይጥ ነው። አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን ቅይጥ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ሽቦው ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፤ እንደ ስፕሪንግ ተጠምጥሞ፣ ጥምጥሞቹ እንዳይነካኩ እኩል ተስቦ ይተኛል። ከላዩ ጀሶ ይለብሳል።

የሚጠመጠመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከርዝመቱ ከሚሊዮን 5 ወይም 6 እጅ ያህል ይለጠጣል። ኒክሮም 14 ያህል ይለጠጣል። በዚያ ላይ የሚግለው ሽቦው ስለሆነ ሁልጊዜ ከሸክላው ይበልጥ ይሞቃል። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሽቦ 500 ዲግሪ ቢጨምር ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። በዚያው ልክ ስፋት ያለው ሸክላ 200 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሰፋው 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሽቦውን ወጥሮ በሸክላው ውስጥ የቀበረ ሰው ምጣዱ ገና ሳይሟሽ ይነቃበታል። ሥራ ያስተማረኝ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቦዩን በምስማር ጫፍ እየጠረገ፣ «ሽቦውን አታስጨንቀው፤ አንተ ካላስጨነቅከው እሱም ሸክላውን አያስጨንቀውም» ይለኝ ነበር። ሽቦው እንደ ልቡ የሚሰፋበትና የሚኮማተርበት ቦታ ተትቶለታል። ሸክላውም በራሱ ልክ ይሞቃል። እንጀራው የሚወጣው ከሁለቱ ነው።

አል-ኹባ በጂዛን፣ የየመን ድንበር አፍ ላይ ያለች የአል-ሐርስ ወረዳ ከተማ ናት። በጂዛን ገጠር ዳቦና ዓሣ የሚጋገረው ሚፋ በሚባል ከጭቃ በሚሠራ ምድጃ ነው፤ እንጀራችንን የሚመስል ለሑሕ የሚባል ቂጣም አላቸው። እዚህ ያሉ የአገሬ ሴቶች የብረት ምጣድ ጣዕሙ አልሆን ሲላቸው የሸክላ ምጣድ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ከአገር ቤት ማስመጣት አይታሰብም፤ በመንገድ ይሰበራል። ስለዚህ ሚፋ የሚሠሩ የባሕር ዳሩ የቲሃማ ሜዳ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ጭቃቸውን በእጃቸው እያሹ አሳዩኝ፤ አሸዋው በዛ ያለ፣ እሳት የለመደ ጭቃ ነው። ክቡን ጠፍጥፈው፣ ጠንከር ሲል ቦዩን አብረን ቀረጽነው። ከተተኮሰ በኋላ ሽቦውን ሳስተኛ ዳር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ብረቱ አይሰብረውም?» አሉኝ።

ዳንኤልን ያነበቡ ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን በጭቃ ላይ ያሳለፉ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን ያው የዳንኤል ጥያቄ ነው። ነቢዩ ከሜዳ ተነስቶ የተናገረው ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሸክላ ሠሪ ሁሉ ብረት ጠላቱ እንደሆነ ያውቃል። ዝም ብለህ ካቀላቀልከው ይሰነጥቀዋል። ለሽማግሌው ስፕሪንጉን እየሳብኩ እየለቀቅኩ አሳየኋቸው። ምጣዱን በዝቅተኛ ሙቀት እርጥበቱ ቀስ እያለ እስኪወጣ ድረስ አቆየነው። አጥፍተን ደግሞ አክንባሎ ደፍተንበት በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ጠበቅን። በማግስቱ በጎመን ዘር ተሟሸና የጂዛን ማሽላ ሊጥ ተጋገረበት። ሽማግሌው ትኩሱን ቆርሰው ቀመሱና ከለሑሕ ይልቅ ኮምጠጥ እንደሚል ነገሩኝ።

ሰባኪው እዚህ ላይ ሊይዘኝ ይችላል። «በምጣድህ ውስጥ ሽቦውና ሸክላው መች ተጣበቁ? ጎረቤት ሆኑ እንጂ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ምጣድ ጉርብትና ነው። ጉርብትናንም አልንቀውም፤ በአገራችን ዛሬ እሱም ብርቅ እየሆነ ነው። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የምናየው ስኒ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ፖርሴሊን ከሚባል ሸክላ የተሠራውን ዲስክ ከላይ ከብረት ቆብ፣ ከታች ከብረት ዘንግ ጋር የሚያይዘው ሲሚንቶ ነው። ሸክላ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ይበጠሳል። ስለዚህ የሽቦው ክብደት ሲስበው ሸክላው በሲሚንቶው ውስጥ እንዲጫን ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ሲሚንቶው ዓመታት ቆይቶ ካበጠ ግን ፖርሴሊኑን ይሰነጥቀዋል። በሁለቱ መሐል የገባው አስታራቂ ራሱ ወፍሮ ጠብ ይሆናል።

እውነተኛውን መጣበቅ ያየሁት ጂዛን ከተማ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ቤት ነው። ፖርሴሊን የሚተኮስበት ምድጃ ሽቦው ተቃጥሎባቸው ለጥገና ተጠራሁ። ሠራተኛው ግብፃዊ ነው፤ ነገር ማስረዳት የሚወድ ሰው። ምድጃው ሲነሳ ሥራውን እያየሁ እንድቆይ ለመንኩት። መጀመሪያ ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ ጥፍር የሚያህል የጥርስ ቆብ አነሳ፤ ከኔ ሽቦ ጋር ዘመድ የሆነ ብረት ነው። በአሸዋ ተመትቶ የጠራውን ቆብ ባዶውን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ሲያወጣው የሚያብረቀርቀው ነገር ደብዝዞ፣ አመድማ ሆኖ ነበር። «አበላሸኸው?» አልኩት። «አሁን ነው የተዘጋጀው» አለኝ።

ያ ድብዝዝ ያለው ነገር ኦክሳይድ ነው፤ ብረቱ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ በራሱ ላይ ያበጀው ስስ ልባስ። ኦክሳይድ ደግሞ በባሕርዩ የሸክላ ወገን ነው። ብረቱ ብረትነቱን ሳይለቅ በላዩ ላይ ብቻ በዓይን በማይለካ ውፍረት ወደ ሸክላ ወገን ቀረበ ማለት ነው። ፖርሴሊኑ በብሩሽ ተቀብቶ ከ900 ዲግሪ በላይ ሲተኮስ የሚይዘው ያንን ልባስ ነው። የኔም ኒክሮም ለዓመታት ሳይቃጠል የሚኖረው ክሮሚየሙ በሚያበጀው እንዲህ ያለ ልባስ ነው። ግብፃዊው አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ንጹህ ወርቅ ከፖርሴሊን ጋር አይያያዝም። ወርቅ ኦክስጅን ስለማይነካው ልባስ አያበጅም። እንዲጣበቅ ከተፈለገ ጥቂት ቆርቆሮ ወይም ኢንዲየም ይቀላቀልበታል፤ ልባሱን የሚያበጁት እነሱ ናቸው።

የመለጠጡ ነገርም አለ። የቀድሞው የጥርስ ፖርሴሊን የሚለጠጠው የወርቁን ቅይጥ እኩሌታ ያህል ስለነበር ተኩሰው ሲያወጡት ይሰነጠቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ዋይንስታይንና ካትዝ የተባሉ ሰዎችና ባልደረቦቻቸው ባስመዘገቡት ዘዴ ፖርሴሊኑ በውስጡ ሉሳይት የሚባል ብዙ የሚለጠጥ ክሪስታል እንዲይዝ ተደረገ። ፖርሴሊኑ ፖርሴሊን ሆኖ ቀረ፤ ልኩ ግን ወደ ብረቱ ተጠጋ። ፈጽሞ እኩል አላደረጓቸውም። ብረቱ ከፖርሴሊኑ በጥቂቱ ይበልጥ እንዲኮማተር ተውት። ሲበርድ ብረቱ ሸክላውን ከውስጥ ይዞ ጨመቅ ያደርገዋል፤ ሸክላ ደግሞ መጨመቅን ይችላል። ልዩነታቸው ልኩን ሲያገኝ መያዣቸው ሆነ።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግብፃዊው ስለ መብረድ የነገረኝ ነው። በእሳቱ ውስጥ ችግር የለም፤ ፖርሴሊኑ ለስልሶ ብረቱ ላይ ይተኛል፣ አንዱ ሌላውን አይጎትትም። ጭንቁ የሚጀምረው ምድጃው ሲከፈት ነው። ሁለቱም እየጠነከሩ ወደየራሳቸው ልክ ሊመለሱ ይጎትታሉ። የሚሰነጠቅ ያኔ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱም ከወራት በኋላ በሰው አፍ ውስጥ።

በቁርኣን ሱረቱል ከህፍ ላይ ዙልቀርነይን ብረቱን ከምሮ ወናፍ አስነፍቶ ካጋለው በኋላ የቀለጠ መዳብ እንዳፈሰሰበት ተነግሯል፤ ግንቡም ሊበሳ አልቻለም። እንዲያ የተያያዘ ነገር በእሳት ያለፈ ነው። የናቡከደነፆር ምስል እግር ግን ተተኮሰ፣ ጋለ አልተባለለትም። ጭቃና ብረት ተቀላቅለው ቆመዋል፤ የተነገረን ያን ብቻ ነው።

እናትና አባቴ የተጋቡት በ77ቱ ድርቅ ማግስት ነው። በዚያ እሳት ጊዜ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ የሚታረድም አልነበረም። የእናቴ ቤተሰብ ከአባቴ ቤተሰብ ጋር አንድ ቁና እህል ተካፍሎ ነው ከሞት የተረፈው። ጋብቻውም ከዚያ መጣ፤ ሁለቱም ወገን መርቆ ሰጠ። ችግሩ የመጣው ዝናቡ ጥሎ፣ አዝመራው ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ወደየልኩ ሲመለስ ነው። የአባቴ ወንድሞች «መቼ ነው የምታሰልማት?» ማለት ጀመሩ። የእናቴ ንስሐ አባት ከሥጋ ወደሙ ከለከሏት። በወሎ ብዙ ቤት እንዲህ ሆኗል፤ ብዙው ቤት በመብረዱ ጊዜ ነቅቷል፤ ወይ አንዱ የሌላውን ሃይማኖት ይዞ ነገሩ አልቋል።

የኛ ቤት እንዴት እንደያዘ ብዙ አስቤበታለሁ። አባቴ እናቴን እስልምና ተቀበይ ብሎ አያውቅም፤ ልቡ ሳይፈልግ የሚሰግድ ሰው ስግደቱ ከንቱ ነው ይል ነበር። ሁለት የሥጋ ድስት ነበረን። የእሷን የእናቷ ቤት ሰዎች ያርዱላታል፣ የኛን አባቴ። ሼሁ የመጽሐፍ ሰዎች ምግብ እንደተፈቀደ በሱረቱል ማኢዳ ቢያስረዱትም አባቴ የለመደውን አልተወም፤ እሷም አልተቀየመችም። ሁዳዴ ላይ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ይበላል። ረመዳን ላይ ማታ ሾርባውንና ሳምቡሳውን የምትሠራው እሷ ናት፤ ቀን ቀን ደግሞ አባቴ ፊት ውሃ እንኳ አትጠጣም ነበር። ይህን ማንም አላዘዛትም። እሱም እሁድ ጠዋት ነጠላዋን አንስቶ ይሰጣታል። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ቅጥሩ ውስጥ ቆማ ታስቀድሳለች፤ ሰው ሲቆርብ እሷ ሳትቆርብ ትመለሳለች።

ይህ መመለሷ ቀላል አልነበረም። ጓደኞቿ ከቅዳሴ በኋላ አፋቸውን ሸፍነው ሲወጡ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ስትቆም አይቻታለሁ። መጣበቅ ያለ ዋጋ ነው የሚል ሰው እኔን አይጥቀስ። ከሁለቱ ወገን በግንኙነቱ ላይ ያለው ስስ ገጽ ይለወጣል፤ ያመዋል፤ ይደበዝዛል። እናቴ ክርስቲያንነቷን አልለቀቀችም፤ ግን በላዩ የነበረውን አንጸባራቂ ነገር፣ በጉባኤው መሐል መከበርን፣ ሰጥታለች። አባቴም በወንድሞቹ መሐል የነበረውን ተሰሚነት ሰጥቷል፤ በሽምግልና የሚጠራው በስተመጨረሻ ነበር።

እኔና እህቴ ያ ልባስ ነን ብዬ አስባለሁ፤ ከሁለቱም የወሰድን፣ ሁለቱንም የምንነካ። ለዚህም ልክ አለው። ግብፃዊው እንዳሳየኝ ኦክሳይዱ ከሚገባው በላይ ከወፈረ እንደ ቅርፊት ይላጣል፣ ፖርሴሊኑንም ይዞት ይወድቃል። ሁለቱን ቀላቅለው ሦስተኛ ነገር የሚያበጁ ሰዎች አሉ፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አንድ ነው፣ ልዩነት የለም የሚሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ሙስሊም ነኝ፤ አምስት ወቅት እሰግዳለሁ፤ እህቴም እንደዚያው። እናቴን አከብራታለሁ ማለት እምነቷን ከእምነቴ ጋር ደባልቄ ሁለቱንም አቅጥኜ እይዛለሁ ማለት አይደለም። እሷም ያን አልፈለገችም። ልዩነት የለም ለሚሉት የምመልሰው ለሰባኪው የምመልሰውን ያህል ጠንካራ ነው፤ ልዩነቱን ያላወቀ ሠራተኛ ሽቦውን ወጥሮ ይቀብረዋል።

በአገራችን ብረትና ሸክላ በጋብቻ የኖሩበት ቤት ድሮም ነበረ። በጎንደር ወለቃና አካባቢው የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ባልየው በወናፍ፣ ሚስትየው በጭቃ፣ ልጆቹ በሁለቱ መሐል። ሌሎች ባለ እጆችም በየቦታው እንዲሁ ይኖሩ ነበር። ሕዝቡ ማረሻውንም ማሰሮውንም ከነሱ ገዝቶ ቡዳ ይላቸዋል። ተጠምቆና ተቀብቶ ንጹህ ነኝ የሚለው ወገን ጥቁሩን ብረትና ጭቃውን አብሮ ሲጸየፍ፣ ሁለቱ በአንድ ጎጆ ልጅ አሳድገዋል። የዚያ ቤት ጉዳይ በስብከቱ ውስጥ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ዳንኤል የተናገረው ስለማን እንደሆነ ማየትም ተገቢ ነው። ምስሉ የመንግሥታት ምስል ነው፤ ራሱ ዳንኤል ወርቁ ራስ አንተ ነህ ብሎ ለንጉሡ ይነግረዋል። የብረቱን መንግሥት ሮም የሚሉት መምህራን አሉ። የእስክንድርን ወራሾች የሚሉም አሉ፤ በጋብቻ ስለ መቀላቀል የተነገረውን በሶርያና በግብፅ ነገሥታት መሐል ከሆነው ጋር ያያይዙታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ252 ግድም የሶርያው ንጉሥ ዳግማዊ አንቲዮኮስ ሚስቱን ላኦዲቄን ትቶ የግብፁን ንጉሥ ልጅ በረኒቄን አገባ። ሁለቱ መንግሥታት ጦርነት እንዲያቆሙ የታሰበ ጋብቻ ነው። የበረኒቄ አባት ሲሞት አንቲዮኮስ ወደ ላኦዲቄ ተመለሰ፤ እሱም ሞተ፤ በረኒቄና ሕፃን ልጇም ተገደሉ። ሰውን ለሥልጣን መያዣ ያደረገ ጋብቻ እንዲህ ያልቃል። ነቢዩ የፈረደው በዚህ ላይ ከሆነ እጄን አንስቼ እመሰክርለታለሁ፤ እንዲህ ያለው አይጣበቅም። አንድ ቁና እህል የተካፈሉ የሐይቅ ገበሬዎችን ግን እዚያ ምስል ላይ አላገኛቸውም።

እናቴ የምታምንበት ቤተ ክርስቲያን ራሷ የሁለትን ነገር አንድነት ስታስተምር ትኖራለች። መምህራኑ የቅዱስ ቄርሎስን ትምህርት ተከትለው በክርስቶስ መለኮትና ትስብእት መቀላቀልም መለያየትም በሌለበት አንድ ሆኑ ይላሉ፤ በእሳት የጋለ ብረትን ምሳሌ ያደርጋሉ፤ ብረቱ ያቃጥላል፣ ያበራል፣ ብረትነቱ ግን አልጠፋም። ይህ ስለ ኢሳ የሚባለው የኔ እምነት አይደለም። ነገር ግን ተፈጥሮ የተለያየ ከሆነ አንድነት የለም የሚለውን ስብከት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ስም መስበክ እንግዳ ነገር ሆኖብኛል። የሊቃውንቱ ድካም ሁሉ በተቃራኒው ነውና።

በቁርኣን ሱረቱ ረሕማን ላይ ሰው እንደ ሸክላ ከሚጮህ ደረቅ ጭቃ እንደተፈጠረ ተነግሯል። አጥንታችን በእርግጥም ከዚያ ወገን ነው፤ ጥንካሬ የሚሰጠው ማዕድን በሳይንስ ቋንቋ ሴራሚክ ነው። ድንበሩን ሲያቋርጥ እግሩ የተሰበረ አንድ የራያ ልጅ አውቃለሁ፤ ቅልጥሙ ላይ የቲታኒየም ብረት ገብቶለታል። ቲታኒየም አየር ሲነካው በላዩ ስስ ኦክሳይድ ያበጃል፤ ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ የማይገፋውም በዚያ ነው። ብሮኔማርክ የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን ቲታኒየም ሊያወጣ ሲል አጥንቱ ይዞት አልለቅም ብሎ ነው ነገሩን የደረሰበት። በ1965 በሰው መንጋጋ ላይ ሠራበት። የራያው ልጅ እያነከሰም ቢሆን ዛሬ ይራመዳል። የብረትና የሸክላ እግር ማለት ለኔ አሁን የዚያ ልጅ እግር ነው።

አባቴ ቀድሞ ሞተ፤ የተቀበረው በሙስሊሞች መቃብር ነው። እናቴ ከዚያ በኋላ ንስሐ ገብታ ቆረበች። ስትሞት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። እኔ እዚህ ስለነበርኩ በሁለቱም ቀብር አልደረስኩም፤ እህቴ ናት የነገረችኝ። ይህ የማልሸሸው ጥያቄ ነው። መጨረሻቸው ሁለት መቃብር ከሆነ ዳንኤል ትክክል ነበር ማለት ነው? ንስሐ የገባችውስ ከአባቴ ጋር ስለኖረችበት ዕድሜ ነው? ምን እንደተናዘዘች ማንም አያውቅም፤ ልጅም የሚጠይቀው ነገር አይደለም። ስለ መቃብሩ ግን የማስበውን እናገራለሁ። ሁለት መሆናቸውን በሕይወት እያሉ ክደውት አያውቁም፤ ስለዚህ በሞት ጊዜ ሁለት ሆነው መገኘታቸው የኖሩትን አያፈርሰውም። ምጣድ አንድ ቀን ይነቃል። ጥርሱም ሰውየው ሲሞት ብረቱ ለብረት፣ ሸክላው ለአፈር ይሆናል። ለዘላለም ይቁም የተባለ ነገር በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእግዚአብሔር መንግሥት ነው።

አብሮኝ ከሚኖረው ጓደኛዬ ጋር ባለፈው ሳምንት ማታ በዚህ ጉዳይ ተከራከርን። ሰባኪውን ይወደዋል፤ እኔንም ይወደኛል፤ ምሳችንን አብረን ነው የምንበላው። ስልኩ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን እንዲከፍት ነገርኩትና ከቁጥር 31 ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። ሰባኪው ቁጥር 43 ላይ ያቆማል፤ ጓደኛዬም ከዚያ አልፎ አያውቅም ነበር። እጅ ሳይነካው የተፈነቀለው ድንጋይ የመታው እግሩን ነው፤ የደቀቀው ግን እግሩ ብቻ አይደለም። ብረቱም፣ ሸክላውም፣ ናሱም፣ ብሩም፣ ወርቁም አብረው ደቀቁ፣ እንደ አውድማ እብቅም ነፋስ ወሰዳቸው። ምንም ያልተቀላቀለበት፣ ምንም ሳይነካው የኖረው የወርቅ ራስ ከሸክላው ተለይቶ አልተረፈም። ጓደኛዬ ቁጥር 35ን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወደ 45 ወርዶ ያንኑ እንደገና አገኘውና ለሰባኪው መልእክት ሊልክለት እንደሚፈልግ ነገረኝ። አብረን ጻፍነው፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።